የተጨረመተው ኮዳ

ከኦቲልያ ፒንሶን አፍ አንድ ነገር ከወጣ ወጣ ነው። ሐኪሞቹ ግን ይህን አያውቁም። ከጠረጴዛቸው ማዶ ያዩት ወንበሩ የጠበባትን፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንገቷን ቀና ያደረገችውን የሃምሳ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፊ ብቻ ነበር። ኩላሊቷ ከወንድሟ ጋር እንደሚስማማ ነገሯትና ደስታዋን ሳትጨርስ፣ በዚህ ክብደቷ ግን ቢላ እንደማያነሱባት ጨመሩላት። ቀዶ ጥገናው ለእሷም አደጋ አለው፤ የሚቀራት አንድ ኩላሊት ደግሞ ያን ሁሉ ሰውነት ዕድሜ ልኩን ሊሸከም ነው። የሐኪሞቹ ቦርድ የሚሰበሰበው ከገና በኋላ ነው። እስከዚያ አሥራ አራት ኪሎ ከቀነሰች ጥሩ፤ ካልቀነሰች ወንድሟ አንሴልሞ ኩላሊት ወደሚጠበቅበት ወረፋ ይመለሳል። ወረፋው ረጅም ነው፤ የአንሴልሞ ልብ ደግሞ ከወር ወር እየደከመ ሄዷል።

«እቀንሳለሁ» አለች ኦቲልያ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

አንሴልሞ አጠገቧ ተቀምጦ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ስለ እሱ ብላ እህቱ በማያውቋት ሰዎች ፊት እንደ ከብት ስትመዘን ማየት ከሕመሙ ባሰበት። አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጡ አልቀበልም አላት፤ ከእሷ ሥጋ ተቆርጦለት የሚኖረው ኑሮ ይቅርበት።

«ማን ጠየቀህ?» አለችው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። «እማማ ስትሞት ስድስት ዓመትህ ነበር፤ እኔ አሥራ ሁለት። ያኔ ላሳድግህ ወይ ብዬ ፈቃድህን ጠይቄሃለሁ? አልጠየቅኩህም። አሁንም ዝም በል።»

ዝም አለ። ይሁን እንጂ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነለትም። ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ነገር ያውቃል፤ እሱም ብስክሌት ነው። ቦያካ በሚባለው ተራራማ አውራጃ ተወልዶ፣ ወተት በብስክሌት እያመላለሰ አድጎ፣ በጎረምሳነቱ ለአገሩ ልጆች ቡድን ተወዳድሯል። አንድ ቁልቁለት ላይ ወድቆ ጉልበቱ ከተሰበረ በኋላ ቦጎታ መጥቶ የሰው ብስክሌት ሲጠግን ኖረ። ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን ይታጠባል። ጥገና ቤቱንም ዘግቶ፣ ፓሌርሞ ሰፈር እህቱ ቤት ተጠግቶ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን ድምፅ ሲሰማ ይውላል። እነሆ አሁን ሥራ አገኘ። አሮጌዋን የብረት ብስክሌቱን ከአልጋው ጀርባ ጎትቶ አወጣት። ሰንሰለቷን በጋዝ አጠበ፣ ቀጭኑን የተወዳዳሪ ኮርቻ ነቅሎ ሰፊ አደረገላት፣ መሪውን ከፍ አደረገው። ከመሣሪያ ሳጥኑ ታች ደግሞ በዚያ ቁልቁለት ላይ አብሮት ወድቆ አንድ ጎኑ የተጨረመተውን የአሉሚኒየም ኮዳውን አገኘና እስኪያበራ በአመድ ፈተገው።

ቦጎታ እሁድ እሁድ ትልልቆቹ ጎዳናዎች ለመኪና ይዘጋሉ። እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ አስፋልቱ የእግረኛና የብስክሌት ነው፤ ሽማግሌው፣ አራሷ፣ ውሻው ሁሉ ይወጣል። ሰባተኛው ጎዳና ዳር፣ ከአንድ የዛፍ ግንድ ሥር፣ ጋሼ ኤራስሞ የሚባል ጎማ ጠጋኝ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ መንፊያውን አቁሞ፣ አላፊ አግዳሚውን በነገር እየወጋ ይሠራል። የአንሴልሞ የጥንት ወዳጅ ነው። ኦቲልያ ከልጅነቷ ወዲህ ኮርቻ ላይ ወጥታ አታውቅምና በመጀመሪያው እሁድ ሁለቱ ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈዋት፣ መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ ቀሚሷን በመርፌ ቁልፍ ሰብስባ፣ እየተንገዳገደች ስትነሳ ጋሼ ኤራስሞ ማንንም ሳያፍር እጁን እያጨበጨበ «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» አለ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ኦቲልያም ሳቀች፤ ስትስቅ ሚዛኗን ሳተችና የቆሎ ሻጭ ጋሪ ላይ ተደገፈች። ከዚያ እንደገና ወጣች።

አንሴልሞ ግን የጨዋታ ሰው አልሆነም። በእሱ ቤት ብስክሌት ማለት ዳገት ነው፤ ላብ ነው፤ ደም ደም የሚል ምራቅ ነው። ዳገት ያላየ ስብ አይቀልጥም ብሎ ደመደመና መሪውን መያዝ እንደለመደች ከከተማው በላይ ወደሚወጣው የፓቲዮስ ዳገት ላካት። ጠዋት የወጣችው ሴትዮ ከሰዓት በኋላ በወተት መኪና ተጭና፣ ብስክሌቷ ከኋላ በወተት በርሜሎቹ መሀል ተጋድማ ተመለሰች። ጉልበቷ እንደ ዱባ አብጧል። ሾፌሩ ደግፎ ሲያወርዳት ስለ ዳገቱ አንድም ነገር አላማረረችም፤ ሰውየው ቁርስ አልበላምና አንድ ነገር ስጡት ብቻ አለች።

የሥነ ምግብ ሐኪሟ ኢሲዶራ የምትባል ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ወጣት ናት። ጉልበቱን አይታ ማን ወደዚያ ዳገት እንደላካት ጠየቀች። ኦቲልያ በአገጯ ወደ ወንድሟ አመለከተች።

«ከእንግዲህ ዳገት የለም» አለች ሐኪሟ። «ሜዳ ላይ፣ ዘና ብለው፣ ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር እያወሩ መንዳት ይበቃል። ትንፋሽ አጥሮዎት ወሬ ካቋረጡ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው።»

«ወሬ ከሆነማ ለኔ ተዪው» አለች ኦቲልያ።

ሐኪሟ ስለ ምግቡም ነገረቻት። ጠዋት ጠዋት አይብ እየነከሩ የሚጠጡት ትኩስ ቸኮላታ ቀረ፤ የማታው ዳቦ ቀረ። የሳህኑ እኩሌታ አትክልት ይሁን፤ ሩዝ፣ ድንችና ሙዝ ጥብስ ባንድ ሳህን መደራረብ ቀረ። ድንችን በተመለከተ የቦያካ ሰው እንዴት እንደሚያዝን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሦስት ዓይነት ድንች ባንድ ሾርባ ካልገባ ምሳ በላን የማይሉ ሰዎች ናቸው። ኦቲልያ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ጠቆረ። አንዱን ዓይነት እንድትመርጥ ተፈቀደላት፤ ትንሿን ቢጫ ድንች መረጠች፤ በቀን ሁለት ፍሬ።

እንዲህ ተጀመረ። እሁድ እሁድ ሰባተኛውን ጎዳና ይዛ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፤ በሥራ ቀን የሰፋችውን የተማሪ ልብስ ከኋላ አስራ ለደንበኞቿ በብስክሌት ታደርሳለች። ጀርባዋ ቀጥ፣ ባርኔጣዋ በሻሽ የታሰረ፣ ኩታዋ ከኋላ ወለብለብ እያለ፣ ለግራም ለቀኝም ሰላምታ እያደለች ነው የምትነዳው። ድጋፍ ጎማ የተገጠመላቸው ሕፃናት ይቀድሟታል። አንድ ጊዜ ሠርግ የሚሄዱ ባለ ከፍተኛ ተረከዝ ሴቶች በእግራቸው ቀደሟት፤ እሷም የሙሽራዋን ቀሚስ ማን እንደሰፋው ሳትጠይቅ አላለፈቻቸውም።

አንሴልሞ ጋሼ ኤራስሞ ዘንድ፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። በቀጫጭን ጎማ የሚበሩት የድሮ ጓደኞቹ ሲያልፉ እሱን አይተው እጅ ያነሳሉ፤ ወዲያው ደግሞ ኦቲልያ በእሱ ብስክሌት፣ በዚያች በስንት ውድድር በሮጠች ብስክሌት፣ እንደ ሰርገኛ ቀስ ብላ ትመጣለች። ያኔ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ ያደርግ ነበር። ጋሼ ኤራስሞ አንድ እሁድ፣ ሁለት እሁድ አይቶ ዝም አለ። በሦስተኛው እሁድ ጎማ እየፈታ፣ ቀና ሳይል ተናገረው።

«ያቺ ሴትዮ ለማን ብላ እንደምትነዳ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ባርኔጣህን አንሳ።»

አንሴልሞ አነሳ። ኦቲልያ በፊታቸው ስታልፍ እጇን ከመሪው ላይ ለማንሳት ገና ድፍረቱ ስላልነበራት በጣቷ ብቻ ሰላም አለቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ በደንብ አያት። ዝናብ ሲያካፋ ማንም ሲጠለል እሷ ትመጣለች። ጭኗ ተልጦ ቅባት ተቀብታ ትመጣለች። ጥብስ ሻጮቹ የአሳማ ቆዳውን ሲያንጫጩ፣ ታማል የሚሉት የበቆሎ ሊጥ ከተቀቀለበት የሙዝ ቅጠል ሲፈታ፣ ሽታው ጎዳናውን ሲሞላ፣ እሷ ከሻጮቹ ጋር ስለ ልጆቻቸው አውርታ አንዲት ነገር ሳትቀምስ ትመጣለች። እሱ ዘመኑን ሁሉ ጎበዝ የሚለው ቀድሞ የገባውን ነበር። ይህን ዓይነቱን ጉብዝና አይቶት አያውቅም፤ አየውና ኮራ።

ታዲያ የሚገርመው ክብደቱ አልወርድ ማለቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አራት ኪሎ ወረደ፤ ከዚያ ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ ቆመ። ብዙ በነዳች ቁጥር ጭራሽ ትንሽ ጨመረ። ኦቲልያ ከሁለቱ ድንች አንዱን ተወች፤ ሚዛኑ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ለገና የቀሩት ወራት እያነሱ፣ አንሴልሞም ከማሽኑ ሲነሳ ደረጃውን ሁለቴ ሳያርፍ መውጣት እያቃተው መጣ። ኢሲዶራ በመጨረሻ ሁለቱንም አስቀምጣ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወደ አፏ የሚገባውን ሁሉ እንድትነግራት ጠየቀቻት። ኦቲልያ አንድ በአንድ ተናገረች። እንቁላሉን፣ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ያቺን አንዲት ድንች፤ አንድም አልደበቀች። ሐኪሟ ስትሰማ ቆይታ ግንባሯን አሸች፤ በዚህ ምግብማ መውረድ ነበረበት።

«ብስክሌት ላይ ሳሉስ የሚጠጡት ምንድን ነው?» አለች።

«ውሃ» አለች ኦቲልያ ቶሎ ብላ።

አንሴልሞ ዞሮ አያት። እሷ አላየችውም፤ የቦርሳዋን ማሰሪያ ታስተካክላለች። ለምን እንደምትዋሽ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ገባው፤ እሱን ልትሸፍን ነው።

«ውሃ አይደለም» አለ። «ኮዳውን የምሞላላት እኔ ነኝ። ፓኔላ አለበት።»

ፓኔላ ጥሬው ቡናማ የሸንኮራ ስኳር ነው፤ በጡብ መልክ ይሸጣል። በዚያ አገር ተራራ ላይ ያደገ ብስክሌተኛ ሁሉ በፓኔላ ውሃ ነው ያደገው። ኮዳው በእሱ ይሞላል፤ ኪሱ ደግሞ በቅጠል በተጠቀለለ የዘይቱን ፍሬ ጣፋጭ። ይህ ለእነሱ ምግብ አይደለም፤ የብስክሌቱ ዕቃ ነው፤ ማንም ከምሳው ጋር አይቆጥረውም። አንሴልሞ እህቱ ለምትነዳው ቀን ሁሉ ማለዳ ተነስቶ ፓኔላውን ይፈረፍራል፣ ያፈላል፣ ሎሚ ይጨምቅበታል፣ ያቀዘቅዛል። ጣፋጩንም ከቀሚሷ ኪስ ይከትላታል። አንድ ቀን ደከመኝ ስትለው ፓኔላውን አበዛላት። ክብደቱ አልወርድ ሲል፣ ይበልጥ እንድትነዳ ብሎ፣ ይበልጥ አበዛላት።

ኢሲዶራ በአንድ ኮዳ ስንት እንደሚገባበት ጠየቀችው። እጁን ዘርግቶ መዳፉን አሳያት። እሷም ሙሉ መዳፉን አይታ በወረቀቷ ላይ አሰላች፤ ዘና ብሎ ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ያ ሁሉ ስኳር ከምሳና ከራት በላይ መሆኑን ስትነግረው ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። ባትቆጣው ይበልጥ አመመው።

ቤት ደረሱ። ኦቲልያ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ክር ልታስገባ ስትል አንሴልሞ መርፌውን በእጁ ከለለው።

«ታውቂ ነበር» አላት።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሚዛኑ ከቆመ ጀምሮ። ያው ጣፋጭ ነው፤ ምላስ አለኝ እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ድምፁ ተሰበረ። «እትዬ፣ በገዛ እጄ ነው እኮ ራሴን ስቀብር የከረምኩት። አንቺም ቆመሽ ታያለሽ?»

ኦቲልያ ክሩን አስቀመጠች። ልጅ ሳለ ሲወድቅ እንደምታየው አየችው።

«አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተነስ ብዬ ስለምንህ ከረምኩ» አለች። «ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትተኛለህ። ከዚያ ያንን ኮዳ አገኘህ። ከኔ ቀድመህ ትነሳለህ። ወጥ ቤት ውስጥ ስታፏጭ እሰማሃለሁ። እንዴት አድርጌ ነው አልፈልግም የምልህ? እኔ ትንሽ አብዝቼ ብነዳ የሚቃጠል መሰለኝ። አልተቃጠለም። በቃ፣ ተሳሳትኩ።»

አንሴልሞ እዚያው እግሯ ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቆቹ መሀል ተቀምጦ አለቀሰ። ኃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቢሆንም አለቀሰ። እሷ ራሱን ሁለቴ መታ መታ አደረገችና ክሩን አስገባች፤ ልብሱ ለነገ የሚደርስ ነበር።

በማግሥቱ ከእሷ ቀድሞ ተነሳ። ያለውን ፓኔላ ጠቅልሎ ለጎረቤት ሰጠ። ከዚያ ኮዳውን አንስቶ ከቧንቧው ሥር ያዘ።

እዚህ ላይ ሰው ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ። ኩላሊቱ የማይሠራ ሰው ውሃ እንደ ልቡ አይጠጣም። የጠጣው መውጫ የለውምና እግሩ ያብጣል፣ ሳንባው ይሞላል። ለአንሴልሞ የቀኑ ውሃ የተፈቀደለት በአንዲት ትንሽ ብርጭቆ ነው፤ መድኃኒቱን የሚውጥበትም፣ ሾርባው ውስጥ ያለውም ከእሷ ይቆጠራል። የቀረውን ጊዜ የበረዶ ፍንካች እየመጠጠ ያሳልፋል። ጥማቱ በሕልሙ ይመጣበታል፤ በሕልሙ ሁልጊዜ የልጅነቱ ምንጭ ላይ በደረቱ ተኝቶ ነው። ፓኔላ ሲያፈላ ነገሩ ምግብ ማብሰል ነበር፤ ብዙም አይፈትነውም። አሁን ግን ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከተራራ የወረደ የቦጎታ ውሃ፣ በእጁ ላይ እየፈሰሰ ኮዳውን ሲሞላ ጉሮሮው ተንቀሳቀሰ። ሞላው፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ከውጭ ያለውን ጠብታ በእጅጌው ጠረገ። ጣቱን እንኳ አልላሰም። ኦቲልያ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ እሱ አላያትም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሌላ ሆነ። አንሴልሞ ወጥ ቤቱን ወረሰ። ለእሷ አትክልቱ በዝቶ ድንቹ ያንሳል፤ ለእሱ ደግሞ ድንቹ ተቆራርጦ፣ ኩላሊት የማይችለው ማዕድን እንዲወጣለት በውሃ ሲዘፈዘፍ ካላደረ አይበላም፤ ጨውም ክልክል ነው። ለሁለት ሕመምተኛ በሚበቃ ጥንቃቄ አንድ ድስት መጣድ ጀመረ። የዶሮ ሾርባውን ክሬሙን ትቶ ቅጠላ ቅጠሉን አበዛው። የመጀመሪያው ሾርባ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይመስል ነበር፤ ኦቲልያ ሳታላምጥ ዋጠችው። አራተኛው ግን ጣመ። ጋሼ ኤራስሞ ሳይቀር አንድ ቀን ቀምሶ፣ ይሄ የበሽተኛ ምግብ ከሆነ እኔም ልታመም ብሎ ሳህኑን ጠረገ።

ሚዛኑም ተነቃነቀ። ቸኩሎ አልወረደም፤ እንደ አነዳዷ ቀስ እያለ፣ አንዱን ሳምንት እየቆመ፣ አንዱን እየሄደ ወረደ። ኦቲልያ ቀሚሶቿን ራሷ አጠበበች። አንድ እሁድ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ስታልፍ አንድ እጇን ከመሪው አንስታ ከነመዳፏ አወዛወዘችላቸው። ጋሼ ኤራስሞ መንፊያውን ጣለና ባርኔጣውን አውልቆ ተቀበላት። አንሴልሞ የእሱን ባርኔጣ ካነሳ ቆይቷል።

ከባዱ የገና ሰሞን ነበር። በዚያ አገር ከገና በፊት ባሉት ዘጠኝ ምሽቶች ጎረቤት ከጎረቤት እየተሰበሰበ ይጸልያል፤ ከጸሎቱ በኋላ የአይብ ኳስ በዘይት ይጠበሳል፣ በፓኔላና በወተት የረጋ ገንፎ ይቀርባል። እንቢ ማለት ቤቱን መናቅ ነው። ኦቲልያ አንዱንም ቤት አልቀረችም፤ አንዱንም ሳህን አልመለሰችም። ሳህኗን በክብር ትቀበልና ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ እያወራች ትዞራለች፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ሳህኑ ባዶ ነው። አንሴልሞ ሰርቃ የምትበላ መስሎት ሁለት ምሽት ሲሳቀቅ አመሸ። በሦስተኛው ጋሼ ኤራስሞን አየው፤ ከበሩ ኋላ ቆሞ የኦቲልያን ድርሻ አፉን ሞልቶ ያኝካል፣ ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ አላልቷል። በዚያ ገና በሰፈሩ የጨመረ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

የሚዛኑ ቀን ደረሰ። ኦቲልያ ጫማዋን አወለቀች፣ ኩታዋን አወለቀች፣ ጉትቻዋን አወለቀች፣ የመነጽሯን ገመድ ሳይቀር አወለቀች። ኢሲዶራ ለጉትቻ ብሎ ሚዛን እንደማይነቃነቅ ብትነግራት በጄ አላለችም። ወጣችበት። አንሴልሞ ቁጥሩን ለማየት ድፍረት አጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን የፍራፍሬ ሥዕል ያያል።

«አሥራ አምስት ቀንሰዋል» አለች ኢሲዶራ። ከዚያ ሥራዋን ረስታ ኦቲልያን አቀፈቻት።

ኦቲልያ ከሐኪሟ ትከሻ በላይ ወንድሟን አየችው። «አንዱ ትርፍ ነው» አለችው። «በእሱ ድንች እበላለሁ።»

ቦርዱ ተሰብስቦ ፈቀደ። የቀዶ ጥገናው ቀን ሁለቱን አልጋዎች በአንድ መተላለፊያ ሲገፏቸው አንሴልሞ እጁን ሰደደላት። አንድ የሚለው ነገር አዘጋጅቶ ነበር፤ ስንት ቀን ያጠናው ነገር ነው። አልወጣውም። እሷ እጁን ጨብጣ ቆየችና የብስክሌቷ የኋላ ጎማ ተንፍሷልና ሳትረሳ ለኤራስሞ ንገረው አለችው። በሩ ተከፈተ፣ እሷ ቀድማ ገባች።

ሲነቃ የመጀመሪያው ነገር ጥማት ነበር፤ የለመደው ጥማት። ሁለት ቀን በመርፌና በቱቦ አለፈ። በሦስተኛው ጠዋት ሐኪሙ የሽንቱን ከረጢት አይቶ ፈገግ አለ፤ ኩላሊቱ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ያለ እረፍት ይሠራል። ከዛሬ ጀምሮ መጠጣት አለብህ አለው፤ ብዙ፣ ቀኑን ሙሉ። ነርሷ ትልቅ ብርጭቆ ውሃ አምጥታ ራስጌው አስቀመጠችለት። አንሴልሞ ብርጭቆውን አየው። አነሳው፤ ከንፈሩን አረጠበበት፤ መልሶ አስቀመጠው። እጁ አልታዘዝ አለው። ነርሷ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ለመነችው፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አንዲት ጉንጭ ወስዶ፣ ሳያስበው፣ ስንት እንደቀረው መቁጠር ይጀምራል።

ቀትር ላይ በሩ ተከፈተ። ኦቲልያ ናት። አንድ እጇ ጎኗን ይዟል፣ በሌላው ግድግዳውን ተደግፋ፣ የሆስፒታሉን ነጠላ ጫማ እየጎተተች ትመጣለች። እንደ ብስክሌቱ ነው የሄደችው፤ ቀስ ብላ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ በአጎራባች አልጋ ላለው ሰው ሰላምታ ሰጥታ። በብብቷ ያንን የተጨረመተ ኮዳ ይዛለች። ጋሼ ኤራስሞ ነው ያመጣላት፤ አደራ ያለችው እሷ ናት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበችና ዘረጋችለት።

«ጠጣ።»

«ምን አለበት?» አላት፤ ሊቀልድ ፈልጎ።

«ውሃ ነው። እኔ ነኝ የሞላሁት።» ክዳኑን ከፍታ በእጁ አስያዘችው። «ስትሞላልኝ አይቼህ ነበር፤ ጣትህን እንኳ ሳትልስ ስትከድነው። ያኔ ነው፣ አንድ ቀን እኔ ሞልቼ አጠጣዋለሁ ብዬ በልቤ ለራሴ የነገርኩት። አሁን አትቁጠር። ጠጣ።»

ጠጣ። የመጀመሪያው ጉንጭ ደረቱን አልፎ ሲወርድ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለተኛውን ጠጣ። ከዚያ መቁጠሩን ተወ፤ ኮዳው እየቀለለ፣ ራሱ ወደ ኋላ እየዘነበለ፣ ውሃው በአገጩ እየወረደ የልብሱን አንገትጌ እያራሰ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣው። ሲጨርስ ባዶውን ኮዳ ደረቱ ላይ አቅፎ አለከለከ።

ኦቲልያ ከእጁ ወሰደችው። ጎኗን ይዛ፣ አልጋውን ተደግፋ ተነሳች፤ ከመስኮቱ ሥር ወዳለው ቧንቧ ቀስ እያለች ሄደችና ውሃውን ከፈተች።